ምዕራፍ 6፦ ሲሞላ ይሄዳል
ድንጋጤ የልብን ኤሌክትሪክ የሚያፈጥነው እንዴት ነው?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ሰፈሩ ጭር ብሏል። ድንገት ቆርቆሮው ላይ አንድ ነገር ዱብ ይላል። ዓይንዎን ሳይገልጡ ልብዎ ደረትዎን መደለቅ ይጀምራል፤ ጆሮዎ ሥር ድው ድው ሲል ይሰማዎታል። ትንሽ ቆይቶ "ሚያው" የሚል ድምፅ ይመጣል። ድመት ናት። "ወይ አንቺ!" ብለው ፊትዎን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ልብዎ ግን ገና አልተመለሰም። አእምሮዎ ድመቷን ካወቃት በኋላም ለደቂቃዎች ይደልቃል።

ይህች ገጠመኝ ሦስት ጥያቄዎች ይዛለች። ልብ እንዲህ በቅጽበት የፈጠነው እንዴት ነው? ያፈጠነውስ ምንድን ነው? አደጋ አለመኖሩ ከታወቀ በኋላ ቶሎ ያልተመለሰው ለምንድን ነው?

በቋንቋችን ድንጋጤ ከውጭ የሚመጣ ምት ነው። "ክው አልኩ"፣ "ልቤን መታኝ"፣ "ልቤ ሊወጣ ነበር" እንላለን። በዚህ ምዕራፍ የማሳየው ነገር ከዚህ አነጋገር ትንሽ ይለያል። ድንጋጤ ልብን አይመታውም። ልብ ከራሱ ውስጥ የሚመነጭ ምት አለው፤ ድንጋጤ የሚለውጠው በሁለት ምቶች መካከል ያለውን የመጠበቂያ ጊዜ ነው። የምዕራፉ ሐሳብ ሁሉ በዚህች አንዲት ነጥብ ዙሪያ ይዞራል።

ሰዓት የሌለው መነሻ

በምዕራፍ 2 እያንዳንዷ የልብ ሕዋስ እንደ ትንሽ የባትሪ ድንጋይ መሆኗን አይተናል። ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም የሚባሉ፣ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች በቆዳዋ ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። በምዕራፍ 4 ደግሞ የልብ ምት የሚነሳው ከቀኙ የላይኛው የልብ ክፍል፣ አርተር ኪዝና ማርቲን ፍላክ እ.ኤ.አ. በ1907 ለዓለም ካስተዋወቋት ትንሽ የሕዋሳት ጉብታ መሆኑን ተመልክተናል። ያኔ አንድ ጥያቄ ሳንመልስ አልፈናል፦ እነዚያ መነሻ ሕዋሳት የሚነሱበትን ሰዓት በምን ያውቃሉ?

መልሱ፣ አያውቁም ነው። ሰዓት የላቸውም። ያላቸው ወንበር ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ታክሲው የመነሻ ሰዓት የለውም፤ ሕጉ አንድ ነው፦ ሲሞላ ይሄዳል። 12ኛው ተሳፋሪ እስኪመጣ ሾፌሩ መሪውን ተደግፎ ይጠብቃል። የመጨረሻዋ ወንበር ስትያዝ ረዳቱ በሩን ጓ አድርጎ ይዘጋል፤ "ሳበው!" ይላል፤ መኪናው ይነሳል። ተሳፋሪዎቹን አራግፎ ሲመለስ እንደገና ባዶ ነው፤ እንደገና መሙላት ይጀምራል።

መነሻዋ ሕዋስም እንዲሁ ናት። አንድ ምት እንዳበቃ ውስጧ ከውጭዋ ጋር ሲነጻጸር 60 ሚሊቮልት ያህል ኔጌቲቭ ነው። ይህ ባዶው ታክሲ ነው። ከዚያ ፖዚቲቭ ቅንጣቶች አንድ ሁለት እያሉ ይሳፈራሉ፤ ኔጌቲቩ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። 40 ሚሊቮልት ኔጌቲቭ አካባቢ ሲደርስ የመጨረሻዋ ወንበር ተያዘች ማለት ነው። የካልሲየም በሮች በአንድነት ይከፈታሉ፤ ሕዋሷ ትተኩሳለች፤ ምቱም ወደ ልብ ሁሉ ይዛመታል። በባዶውና በሙሉው መካከል ያለው ልዩነት 20 ሚሊቮልት ያህል ብቻ ነው። የእጅ ባትሪያችን አንድ ድንጋይ 1,500 ሚሊቮልት እንዳለው ስናስብ፣ ሕይወታችን የተንጠለጠለባት ስፋት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነች እንረዳለን።

እንግዲህ ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ሲመታ እያንዳንዱ ዙር ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ፣ ወደ 0.86 ሴኮንድ ይወስዳል። በደቂቃ 150 ሲመታ 0.4 ሴኮንድ ብቻ ይቀረዋል። የዚህ ልዩነት ዋናው ምክንያት የመሳፈሪያው ፍጥነት ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ባዶውን የሚያዛጋው ታክሲ ሰኞ ጧት በሁለት ደቂቃ እንደሚሞላው ማለት ነው። ታክሲው ያው ነው፤ ወንበሩም ያው ነው።

ጉደኛው በር

ተሳፋሪዎቹ በየትኛው በር ይገባሉ? የሚገቡበት በር ከአንድ በላይ ነው፤ አንዱ ግን ልዩ ታሪክ አለው።

በሕዋስ ቆዳ ላይ ያሉ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ በሮች የሚከፈቱት የሕዋሷ ውስጥ ወደ ፖዚቲቭ ሲያዘነብል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ኦክስፎርድ ውስጥ የሠሩት ሂላሪ ብራውን፣ ዳሪዮ ዲፍራንቼስኮና ዴኒስ ኖብል ግን በመነሻ ሕዋሳት ላይ ተቃራኒውን አዩ። ሕዋሷ ይበልጥ ኔጌቲቭ ስትሆን የሚከፈት፣ በዋናነት ሶዲየም የሚያስገባ በር አገኙ። ነገሩ ግራ ስላጋባቸው በዚያ የሚያልፈውን ፍሰት "ጉደኛው" እንደማለት ባለ ስም ጠሩት። ስሙም በዚያው ጸና፤ ዛሬም የሕክምና መጻሕፍት በዚሁ ስም ያነሱታል።

ወደ ታክሲው ስንመለስ ግን ነገሩ ጉድ አይደለም፤ ብልሃት ነው። መኪናው ባዶ ሲሆን ራሱን የሚከፍት በር ማለት ነው። አንዱ ጉዞ ማለቁ በራሱ የሚቀጥለውን መሳፈሪያ ይከፍታል። ልብ ከእናት ማህፀን ጀምሮ ማንም ሳያዘው የሚመታው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሕዋሷ ውስጥ ካለው የካልሲየም ማከማቻ የሚወጣ ፍሰትም መሙላቱን ያግዛል፤ ሁለቱ ተደጋግፈው ይሠራሉ።

ሦስቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት ጽሑፍ ርዕሱ ጥያቄ ነበር፦ አድሬናሊን ልብን የሚያፈጥነው እንዴት ነው? መልሱ፣ ይህን ጉደኛ በር በሰፊው በመክፈት ነው የሚል ነበር።

ተራ አስከባሪው ይጮኻል

አድሬናሊን ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ ቆብ መስለው ከተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች የሚመነጭ ሆርሞን ነው። የቅርብ ዘመዱ ኖርአድሬናሊን ደግሞ በብዛት የሚለቀቀው ልብ ድረስ ከዘለቁ የነርቭ ጫፎች ነው። አንዱ በደም ተሳፍሮ ይመጣል፤ ሌላው በቀጥታ ደጃፍ ላይ ይፈስሳል። ሁለቱም የሚያንኳኩት አንድ ዓይነት በር ነው፤ ሐኪሞች ቤታ ተቀባይ ይሉታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አድሬናሊን ሕዋሷ ውስጥ አይገባም፤ ኤሌክትሪክም ይዞ አይመጣም። ሥራው እንደ ተራ አስከባሪው ነው። ተራ አስከባሪው መኪና አይነዳም፣ አይሳፈርም። ደጅ ቆሞ "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ቶሎ ቶሎ!" ይላል። ድምፁን ወደ ውስጥ የሚያደርስ ሌላ ነው።

በሕዋሷ ውስጥ ይህን መልእክት የሚያደርሰው ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ነው። ተቀባዩ ሲንኳኳ ሕዋሷ ይህን መልእክተኛ በብዛት ታመርታለች። አንድ ሆርሞን ደጅ ላይ ያሰማት ድምፅ ውስጥ ብዙ እጥፍ ሆና ትስተጋባለች። መልእክተኛው ጉደኛው በር ላይ ራሱ ይለጠፍና በሩ ቀድሞና በሰፊው እንዲከፈት ያደርጋል። የሆርሞኖችን አሠራር በዚህ መልእክተኛ በኩል የገለጠው ኧርል ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1971 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

መሳፈሪያው ፈጠነ፤ ታክሲው ቶሎ ሞላ፤ ቶሎ ሄደ። ልብዎ ደለቀ።

መጀመሪያ የሚለቀቀው ፍሬን ነው

የድመቷ ሌሊት ግን በዚህ ብቻ አይፈታም። ልብዎ የፈጠነው በአንድ ምት ያህል ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከኩላሊት አናት የተነሳ ሆርሞን ግን በደም ተጉዞ ልብ ለመድረስ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል። ታዲያ ማን ቀደመው?

መልሱን ለማየት ልብ ብቻውን ቢተው በስንት ይመታል ብለን እንጠይቅ። የሰው ልብ ተቀይሮለት የሚኖር ሰው አዲሱ ልቡ ከነርቮቹ ተቆርጦ ነው የገባለት። ዕረፍት ላይ ተቀምጦ ሳለ ልቡ በደቂቃ ወደ 100 አካባቢ ይመታል። ይህ የልብ የራሱ ፍጥነት ነው። ታዲያ የእኔና የእርስዎ ልብ በ70 የሚመታው የሚይዘው ስላለ ነው። ከአንጎል ሥር ወርዶ ልብ የሚደርሰው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ቀን ከሌሊት ፍሬን ረግጦ ይዞታል። ልብ በተፈጥሮው ችኩል ነው፤ እርጋታው ተውሶት ነው።

የዚህን ፍሬን ምንነት የገለጠው ኦስትሪያ ግራትስ ከተማ ይሠራ የነበረው ኦቶ ሎዊ ነው። እንደ ራሱ አተራረክ፣ የሙከራው ሐሳብ የመጣለት በሕልሙ ነበር። ሌሊት ነቅቶ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረገና ተኛ፤ ጧት የገዛ ጽሑፉን ማንበብ አቃተው። በማግሥቱ ሌሊት ያው ሕልም ሲመለስለት ወረቀቱን ትቶ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። የሁለት እንቁራሪቶች ልብ ወሰደ፤ የአንዱን ቬገስ ነርቭ ቀሰቀሰ፤ ልቡ ዘገየ። ከዚያ ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ቀድቶ ወደ ሁለተኛው አዛወረው። ማንም ያልነካው ሁለተኛው ልብም ዘገየ። የሚያፋጥነውን ነርቭ ቀስቅሶ ፈሳሹን ሲያዛውር ደግሞ ሁለተኛው ልብ ፈጠነ። ነርቭ ልብን የሚያዘው ቅመም በመልቀቅ ነው ማለት ነው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1921 አሳተመ፤ በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር ኖቤል ተሸለመበት።

አሁን የሌሊቱን ነገር በቅደም ተከተል ማንበብ እንችላለን። ቆርቆሮው ዱብ ሲል መጀመሪያ የሆነው ነገር ቬገስ ፍሬኑን ማንሳቱ ነው፤ ይህ በአንድ ምት ያህል ጊዜ ይፈጸማል። በሴኮንዶች ውስጥ የነርቭ ጫፎች ኖርአድሬናሊን ያፈሳሉ። አድሬናሊን በመጨረሻ በደም ይደርሳል። ተመላሹም በዚያው ልክ ነው። ፍሬኑ ቶሎ ይመለሳል፤ በደም ውስጥ ያለው አድሬናሊን ግን በየሁለት ሦስት ደቂቃው ነው በግማሽ የሚቀንሰው። እርስዎ "ወይ አንቺ!" ብለው ሲተኙ ተራ አስከባሪው ገና እየጮኸ ነው። አእምሮ ነገሩን በቅጽበት ይተወዋል፤ ደም ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ፍሬኑን በእጅዎ ሊዳስሱት ይችላሉ። ሁለት ጣትዎን አውራ ጣትዎ ሥር ካለው የደም ሥር ላይ ያሳርፉ። ቀስ ብለው አየር ይሳቡ፤ ከዚያ በረጅሙ ያስወጡ። በተለይ ወጣት ከሆኑ፣ ሲስቡ ምቱ ትንሽ ሲጣደፍ፣ ሲያስወጡ ሲረጋ ይሰማዎታል። አየር ስናስወጣ ቬገስ ፍሬኑን ጠበቅ ያደርጋል። የተደናገጠን ሰው "እስቲ ተንፈስ በል" የሚሉ እናቶች ያለ ላቦራቶሪ የደረሱበት ነገር ነው።

ቶሎ መሙላት ብቻውን አይበቃም

እስካሁን የተናገርነው ስለ መነሻዎቹ ጥቂት ሕዋሳት ነው። ደምን የሚገፉት ጡንቻማ ሕዋሳት ግን እጅግ ብዙ ናቸው፤ ሥራቸውም ሌላ ነው። እነሱ በራሳቸው አይሞሉም፤ ምልክት እስኪደርሳቸው 90 ሚሊቮልት ያህል ኔጌቲቭ ሆነው ጸጥ ይላሉ። ምልክቱ ሲደርስ ይተኩሳሉ፣ ይኮማተራሉ፣ ከዚያ መልሰው ባዶ መሆን አለባቸው። በዕረፍት ጊዜ አንዱ ተኩስ እስኪያልቅ የሴኮንድ ሩብ ያህል ይወስዳል።

ችግሩን ያስተውሉ። ልብ በደቂቃ 150 ሲመታ ሙሉው ዙር 0.4 ሴኮንድ ነው። ተኩሱ እንደ ቀድሞው ከተንዘላዘለ ልብ ደም የሚሞላበት ፋታ አይኖረውም። ፌርማታው ላይ ሰው በሁለት ደቂቃ ቢሰበሰብ፣ መድረሻው ላይ ተሳፋሪ ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ከፈጀ ምን ይጠቅማል?

ለዚህ ነው አድሬናሊን ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ የሚያዘው። አንደኛ፣ የካልሲየም መግቢያ በሮችን ያሰፋል፤ ካልሲየም ጡንቻውን የሚያኮማትር ስለሆነ ምቱ ይበረታል። ልብዎ ፈጥኖ ብቻ ሳይሆን "ድው!" ብሎ የሚሰማዎት በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ሕዋሷ ካልሲየሟን የምታከማችበት ጎተራ አላት፤ አድሬናሊን ካልሲየሙን ወደ ጎተራው የሚመልሰውን ፓምፕ ያፈጥናል። ጡንቻው ቶሎ ይላላል፤ ጎተራውም ለሚቀጥለው ምት ይሞላል። ሦስተኛ፣ ፖታሲየም የሚወጣበትን አንድ የኋላ በር ይከፍታል፤ ሕዋሷ ቶሎ ወደ ባዶነቷ ትመለሳለች፤ ተኩሱም ያጥራል።

ድንቁ ነገር መግቢያውም መውጫውም በአንድ ትእዛዝ መከፈታቸው ነው። ጤናማ ድንጋጤ የተመጣጠነ ነው፦ ቶሎ መሙላት፣ በርትቶ መምታት፣ ቶሎ ማራገፍ።

የኋላው በር አልከፈት ሲል

ይህ ሚዛን ከልደት የጎደላቸው ሰዎች አሉ። ፖታሲየም የሚወጣበትን ያንን የኋላ በር በሚሠራው ዘር ላይ ጉድለት ያለበት ልጅ ዕረፍት ላይ ሳለ ምንም ላይሰማው ይችላል። ሲሮጥ፣ በተለይም ሲዋኝ፣ አድሬናሊን ይጣራል። መግቢያው ይከፈታል፤ መውጫው ግን እንደተለጎመ ነው። የፊተኞቹ ሳይወርዱ አዲሶቹ በበሩ ይጋፋሉ። ልብ ሥርዓቱን ስቶ ይንቀጠቀጣል፤ ልጁ ራሱን ይስታል። በምዕራፍ 5 የኢሲጂን መስመር ስናነብ ያየነው፣ ከምቱ መጀመሪያ እስከ ማራገፊያው ጉብታ መጨረሻ ያለው ርቀት በእነዚህ ሰዎች ላይ የረዘመ ነው። የሕመሙ ስምም ከዚያ የወጣ ነው።

በሌሎች ደግሞ የሚያፈስሰው ጎተራው ነው። አድሬናሊን ጎተራውን ሲሞላው በስንጥቁ ካልሲየም ያፈተልካል፤ ሕዋሷ ተራዋ ሳይደርስ ትተኩሳለች። የእነዚህ ሰዎች ኢሲጂ ጋደም ብለው ሲነሱት ጤናማ ይመስላል፤ ጉዱ የሚወጣው እየሮጡ ሲነሱት ነው።

ሁለቱም ብዙ ሰው የማይገጥሙት ሕመሞች ናቸው። ሆኖም ራስን መሳትና መንፈራገጥ ስላለባቸው የሚጥል በሽታ ተደርገው የሚታለፉበት ጊዜ አለ። በሩጫ፣ በዋና ወይም በድንጋጤ ራሱን የሚስት ልጅ፣ በተለይም በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ የልብ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ለብዙዎቹ የሚሰጠው መድኃኒት አሁን ሲታይ ግልጽ ነው፦ ተራ አስከባሪው ይጩህ፣ የሕዋሷን ጆሮ ግን እንድፈነው። ጄምስ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያዘጋጀው ፕሮፕራኖሎል ቤታ ተቀባዩ ላይ ተቀምጦ አድሬናሊንን ቦታ ይነሳዋል። ብላክ እ.ኤ.አ. በ1988 ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ነው። ከቤተሰባችን ለደም ግፊት ወይም ለልብ አቴኖሎል የሚውጥ ሰው ካለ የዚሁ ዘር መድኃኒት ነው። አስም ላለበት ሰው ሊያስቸግር ይችላል፤ በድንገት ማቋረጥም አደጋ አለው። ያለ ሐኪም አይጀመርም፣ አይተውም።

መርዶ

በዘር ምንም ጉድለት የሌለበት ልብ ግን እንዴት ነው? እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1994 ንጋት ላይ ሎስ አንጀለስ በመሬት መንቀጥቀጥ ተናወጠች። ሐኪሞች በኋላ መዝገብ ሲያገላብጡ፣ በከተማዋና በአካባቢዋ በልብ የደም ሥር ሕመም ምክንያት በድንገት የሚሞቱት ሰዎች ቁጥር ቀደም ባለው ሳምንት በአማካይ በቀን 4.6 ነበር፤ በዚያ ዕለት 24 ሆነ። ከእነዚህ መካከል ከወትሮው የተለየ ጉልበት ሲያወጡ የሞቱት ሦስት ብቻ ናቸው። በቀጣዮቹ ቀናት ቁጥሩ ከወትሮውም በታች ወረደ። መንቀጥቀጡ የገደለው በአብዛኛው ልባቸው አስቀድሞ የታመመባቸውን ነበር ማለት ነው። ድንጋጤው ቀናቸውን አቀረበው።

የጃፓን ሐኪሞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ታኮትሱቦ ብለው የሰየሙት ሕመም አለ። ቃሉ አንገቱ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ፣ በባሕር ውስጥ ኦክቶፐስ የሚጠመድበት ገንቦ ስም ነው። ከከባድ ሐዘን ወይም ድንጋጤ በኋላ የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ጫፉ መኮማተር ትቶ ልክ ያንን ገንቦ ይመስላል። በብዛት የሚያጠቃው የወር አበባቸው የቆመ ሴቶችን ነው። የአድሬናሊን ጎርፍ ዋናው ተጠርጣሪ ነው። ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ።

ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የማስበው የመርዶ ሥርዓታችንን ነው። ዋሽንግተን ያለች ሴት እናቷ አገር ቤት ቢሞቱ፣ ወሬው ለእሷ ሳይሆን ለጓደኞቿ ነው የሚደወለው። ይመካከራሉ፤ ቀን ይመርጣሉ፤ በማለዳ፣ ሥራ ሳትሄድ፣ ተሰብስበው በሯን ያንኳኳሉ። በእርግጥ ሥርዓቱ ድንጋጤውን አያስቀረውም፤ በሩ ላይ ቆመው ያየቻቸው ልጅ ቃል ሳይተነፍሱ ታውቃለች። ቬገስ ፍሬኑን ያነሳል፤ በሮቹ ይከፈታሉ። ነገር ግን አድሬናሊኑ የሚመጣው መሪ ይዛ አውራ ጎዳና ላይ ሳለች አይደለም፤ ደረጃ ላይ ብቻዋን ሆና አይደለም። የሚደግፋት ክንድ አለ፤ ራሷን ብትስት የሚያይ ዓይን አለ፤ ደሟ እስኪጠራ ድረስም አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው አለ።

አእምሮ ቶሎ፣ ደም ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው ብለናል። ድመቷ ለሄደችበት ሌሊት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ግን ቆርቆሮው በየሌሊቱ ዱብ ቢልስ? የቤት ኪራይ፣ የሥራ ማጣት፣ የልጅ ነገር ተራ አስከባሪውን ለዓመታት ቢያስጮኸውስ? ያኔ መድረኩ ላይ ኮርቲሶል የሚባል ሌላ ሆርሞን ይወጣል። እሱ ደጅ ቆሞ አይጮኽም፤ ሕዋሷ ውስጥ ገብቶ ምን ምን እንደምትሠራ ይለውጣል። ምዕራፍ 7 የእሱ ነው።